የመክነሳ ፋብሪካውን ታሪክ የጻፍኩ ጊዜ

ዱባይ ውስጥ ስለ አቧራ የኔን ያህል የጻፈ አበሻ አለ ቢሉኝ አላምንም። ዓመታት ሙሉ እንጀራዬ አቧራ ነበር። የሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በዓረብኛው «መክነሳ» የሚሉትን፣ አቧራ የሚስበውን ማሽን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ፋብሪካው ሻርጃ ነው፣ መጋዘኑና የሠራተኛ ማደሪያው አጅማን፣ ቢሮው ዲራ። እኔ የምውለው ዲራ፣ የማድረው አል ሙራቃባት፣ ከአምስት ሴቶች ጋር በምጋራው ክፍል ውስጥ በተከራየሁት አንድ አልጋ፣ እዚህ ቢድ ስፔስ በሚሉት ነው። አገር ቤት ዘመዶቼ «ዱባይ ቢሮ ነው የምትሠራው» እያሉ ይኮሩብኛል። አልጋዬ ሥር ከገባው ሻንጣ በቀር የኔ የምለው እንደሌለኝ አልነገርኳቸውም፣ ማን ይነግራል?

ጊዜው አገራችን ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን ጉዞ ያገደችበት ነው። እገዳው እኔን አልነካኝም። ቪዛዬ የድርጅት ነው፣ ዲግሪ አለኝ፣ ስፈልግ ሄጄ ስፈልግ እመለሳለሁ። በሰው ቤት ቪዛ ላሉት ግን በሩ ባንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ሆነባቸው። ለእረፍት አገራቸው ገብተው መመለሻ ያጡ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ እኛው ክፍል ትተኛ የነበረች ናት፣ አልጋዋን ለሌላ ሰው ያከራየነው ዕቃዋን በካርቶን አስረን ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙዎቹ መሄድ ተዉ። አባት ቢሞት፣ እህት ብትዳር፣ ባሉበት ያለቅሳሉ፣ ባሉበት እልል ይላሉ።

እትዬን ያወቅኳት አጅማን መጋዘን ወረቀት ላስፈርም ስሄድ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ስሟን ጽፌ ያደረግኳት ይበቃል። የወሎ ሰው ናት፣ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጭር፣ ሳቂታ። መጋዘኑ ጥግ፣ ቆርቆሮው ከፀሐይ እንደ ምጣድ በሚግልበት ቦታ፣ በስፌት መኪና የመክነሳ ከረጢት ትሰፋለች። ቪዛዋ ላይ ግን «የቤት ሠራተኛ» ነው የሚለው። የሙዲሩ ቤት ሠራተኛ ማለት ነው፤ ሙዲር የምንለው ሥራ አስኪያጁን ነው። ቤት መጥረግ ካቆመች ግን ዘመን አልፏል።

መጀመሪያ ቀን አማርኛዬን ስትሰማ መኪናዋን አቁማ «ኧረ የኛ ልጅ፣ ከየት በቀልሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለግኩ እየተመላለስኩ እሷ ዘንድ ምሳ እበላ ጀመር። እሷ «ልጄ» ትለኛለች፣ እኔ «እትዬ» እላታለሁ።

ሁለት ልጆች አሏት። ሴቷን ዳዴ ካለፈች ወዲህ፣ ወንዱን ደግሞ ጡት ሳይጥል ለእህቷ ትታ ነው የወጣችው። ከእገዳው በፊት ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታቸዋለች። ሴቷ ተምራ አስተማሪ ሆናለች፣ ልታገባም ነው። ሠርጉ ፋሲካን አልፎ ተቆርጧል። እትዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ልጇን ድራ መመለስ። መመለሱን የፈለገችው አጅማን አምሯት አይደለም፤ ወንዱ ገና ኮሌጅ ነው፣ የሚማረው በእሷ ስፌት ነው።

መላው የታወቀ ነው። ቪዛዋን ከሰው ቤት ወደ ድርጅቱ ማዞር። የድርጅት ቪዛ ካላት እገዳው አይመለከታትም። ሙዲሩን ሠርጉ ከመቆረጡ በፊት ጀምሮ ትለምነዋለች፣ እሱም «ኢንሻላህ» ይላታል። የዚያን ሰውዬ ኢንሻላህ እኔ አውቀዋለሁ። የቢሮው ማቀዝቀዣ የሚሠራውም በኢንሻላህ ነው።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ በገባ ሰሞን ሙዲሩ ጠርቶ «የድርጅታችንን ታሪክ ትጽፊያለሽ» አለኝ። ከውጭ ገዢዎች የሚመጡበት ኤግዚቢሽን ነበር፣ እዚያ የሚታደል መጽሐፍ ነገር ፈልጓል። ትልልቆቹ የመክነሳ አምራቾች ሁሉ ታሪክ አላቸው፣ እኛ ምን አነሰን ነው ነገሩ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል? ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ደረሰኝ ለማስገባት አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሰው ብዕሬን ፈለገው ብዬ ልቤ አበጠ።

ታሪኩን ሙዲሩ ራሱ ነገረኝ። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዲራ ውስጥ ከባሕሩ ጠርዝ አጠገብ የተበላሸ ማሽን ይጠግን ነበር። ከዚያ ሳትዋ በሚባለው ሰፈር ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ «የድርጅቱ ራዕይ ሰፍቶ» ወደ ሻርጃ ተዛወረ። ራዕዩን ያሰፋው የዲራ የቤት ኪራይ መሆኑን አሮጌው ፋይል ውስጥ አንብቤያለሁ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ትልቁ ቁም ነገር ግን ከረጢቱ ነው። ከውጭ የሚገቡት መክነሳዎች የዚህን አገር አሸዋ አይችሉትም፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ከረጢታቸውን አልፎ ሞተሩን ያቃጥለዋል። የኛ ማሽን ስም ያገኘው ከረጢቱ ድርብ ስለሆነ ነው፣ ውጪው ወረቀት፣ ውስጡ ስስ ጨርቅ። ይህን ማን አሰበው? ሙዲሩ እንዳለው አባቱ በረሃ ለአደን ወጥቶ፣ በያዘው ጭልፊት ዓይን ላይ የሚያጠልቁለትን ቆብ ሲመለከት በድንገት ታየው።

ጭልፊቱና ከረጢቱ ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ግን ጻፍኩት፣ ደመወዜ ነው።

ከዚያ አጅማን ሄጄ እትዬን ስለ ድሮው ጊዜ ጠየቅኳት። ድርጅቱን ከሁላችን በፊት የምታውቀው እሷ ናትና አንዳንድ ወግ ታክልልኛለች ብዬ ነው። ስለ ጭልፊቱ ስነግራት ክሩን ጥርሷ ላይ እንደያዘች ሳቀች፣ እስኪያስላት ሳቀች።

«ጭልፊት አልሽ?» አለችኝ። «ሰውዬው ዶሮ እንኳ አልነበረውም።»

የነገረችኝ እንዲህ ነው። ከአገሯ የመጣችው በሽማግሌው፣ ማለት በሙዲሩ አባት፣ ቤት ሠራተኛነት ነው። ሽማግሌው መክነሳ ጠጋኝ ሆኖ የራሱ ቤት መክነሳ እየተቃጠለ አስቸገረ። በተቃጠለ ቁጥር ማዳሟ፣ ማለት ሚስትየው፣ የምትጮኸው በእትዬ ላይ ነው፣ አያያዝ አታውቂም፣ እጅሽ ድንጋይ ነው እያለች። ሦስተኛው ሲቃጠል እትዬ ከፍታ አየችው፣ የላመ አሸዋ ሆዱን ሞልቶታል። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ያረጀ ነጠላ ነበራት። ቀደደችው፣ አጠፈችው፣ በመርፌ ሰፍታ ከወረቀቱ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። አራተኛው ማሽን አልተቃጠለም። ሽማግሌው ወራት አልፎ እንዴት ዕድሜ አገኘ ብሎ ቢከፍተው ነጠላውን አገኘው።

«ሰውዬው ተቆጣሽ?» አልኳት።

«ምን ይቆጣል፣ ጨርቁን አገላብጦ አገላብጦ አየና ‹ነገ ሹግል፣ ሥራሽ፣ ሱቅ ነው› አለኝ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አላለቀም።»

ከዚያ በኋላ ዲራ ሱቅ ከረጢት ሰፋች፣ ሳትዋ ሰፋች፣ ሻርጃ ሰፋች፣ አጅማን እየሰፋች አገኘኋት። መሀል ላይ ሽማግሌው ማሽኑን ሊሸጥ ቤት ለቤት ሲዞር ይዟት ይሄድ ነበር። ምንጣፉ ላይ ዱቄት በትና በማሽኑ ታነሳዋለች፣ እሱ ደግሞ ለማዳሞቹ «አያችሁ፣ የኔ ኻዳማ፣ የቤት ሠራተኛዬ እንኳ ትችለዋለች» ይላል። ይህን ስትነግረኝ አልተናደደችም። እኔ ነኝ የነደድኩት። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፣ የማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው የእሷ ነጠላ፣ ስሙ የጭልፊት። «ለምንድነው ዝም ያልሽው?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ከረጢት ሰፋሁ ብዬ ነጋሪት ላስጎስም?»

«እጽፈዋለሁ» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። «ተይ ልጄ። ሙሽኪላ ታመጪብኛለሽ። እኔ እዚህ አገር የኖርኩት ሰው ሳያየኝ ነው።»

አልሰማኋትም። እኛ እንግዲህ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እየተባልን ያደግን ነን። ፊደል የቆጠርን ደግሞ ይብስብናል፣ ነገር ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰውን ያድናል ብለን እናምናለን። እድር ማኅተም አለው፣ ቀበሌ ማኅተም አለው፣ ለአንድ አሮጌ ግንብ እንኳ ምስክር ተጠርቶ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እኔም በዚያ ልቤ አሰብኩ። ሙዲሩ ይህን ሲያነብ ያፍራል፣ ካፈረ ቪዛውን ያዞራል፣ ሠርጉ ሳይደርስ ታገኘዋለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት በራሷ አነጋገር። «ይሄ ነው ቪዛሽን የሚያወጣልሽ።» የሠርጉ ነገር አንጀቷን ይዞታልና ተይ ማለቷን ትታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ምላሴንም እጄንም ያኔ በቆረጠው። እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት ልንገራችሁ። አሳምሬ። ከትምህርቴ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ማስረጃ መደርደር ነው፣ ደረደርኩት። በዚህ ዓመት፣ በመሥራቹ ቤት ቪዛ ገብታ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ዲራ ሱቅ፣ ቀጥሎ ሳትዋ፣ ቀጥሎ ሻርጃ ፋብሪካ፣ ዛሬም በልጁ ቤት ቪዛ አጅማን መጋዘን ሳታቋርጥ እየሠራች ያለች። ነጠላውን ጻፍኩ፣ ዱቄቱን ጻፍኩ። ስጨርስ ራሴ አነበብኩትና ዓይኔ እንባ አቀረረ። በራሴ ጽሑፍ።

ሙዲሩ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ማሻላህ» አለ። ከዚያ የንግድ ፈቃዶቹ ቀን ልክ መሆኑን እንዲያይ ለመንዱቡ ላከው። መንዱብ ማለት የድርጅቱን ጉዳይ ይዞ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የሚሮጠው ሰውዬ ነው፣ ቪዛ የሚያወጣውም የሚሰርዘውም እሱ። በሕይወቱ ከቅጽ ሌላ ነገር አንብቦ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። የኔን ግን ቃል በቃል አነበበ።

ጠርቶኝ ስገባ የእትዬን ገጽ ነጥሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧታል። «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ» አልኩ፣ ሊያመሰግነኝ መስሎኝ።

«ማን ነው የላከሽ?»

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳኝ። በቤት ቪዛ ያለች ሴት ፋብሪካ ውስጥ ማሠራት በዚህ አገር ሕግ ያስቀጣል። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ከነዓመቱ፣ ከነቦታው፣ በድርጅቱ አርማ ሥር ጽፌ፣ የመንግሥት ሰዎች ሁሉ በሚገኙበት ኤግዚቢሽን ላይ ላድለው አዘጋጅቻለሁ። «ዋላሂ፣ ጠላት እንኳ እንዲህ አድርጎ አይከስስም» አለኝ። እትዬ «ሰው ሳያየኝ ነው የኖርኩት» ስትለኝ ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ መንዱቡ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ነው።

እነሱም ረስተዋት ነበር እኮ። ሃያ ዓመት አካባቢ እንደ ስፌት መኪናዋ የመጋዘኑ ዕቃ ሆና፣ ማንም አላያትም። እኔ ነኝ መብራት ያበራሁባት።

በሁለተኛው ቀን ሙዲሩ ጠራኝ። አልተቆጣም፣ ይሻለኝ የነበረው ቢቆጣ ነው። «ልጇ ታገባ የለ? ትሂድና ትዳራት» አለኝ። «የቤቱ ቪዛ ይሰረዛል። የድርጅቱን በኋላ እናያለን። ወረቀቱን በቋንቋችሁ አስረድተሽ አስፈርሚያት።»

«በኋላ ማለት መቼ?» አልኩት።

ስልኩን እያየ «ያንቺም ቪዛ የሚታደሰው በሚመጣው ወር ነው አይደል?» አለኝ።

ኸላስ፣ አለቀ። ከዚህ በላይ ምንም አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። አሁን ሁሉንም በመንዱቡና በሙዲሩ ላይ ብለጥፈው ይቀለኝ ነበር፣ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል።

ወደ አጅማን በአውቶቡስ ስሄድ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓረብኛ ነው። በዚህ ቀን ቪዛዬ ተሰርዟል፣ መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከአሠሪዬ የምጠይቀው የለኝም፣ አገሬ ጠቅልዬ እገባለሁ ይላል። ስለ ድርጅቱ ቪዛ አንድ ቃል የለውም። እትዬ ዓረብኛ እንደ ወፍ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም።

መኪናዋን አቁማ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አጠገቤ ተቀመጠች። አነበብኩላት። ቪዛ ለማዞር መጀመሪያ የድሮው መሰረዝ አለበት፣ ይሄ እውነት ነው፣ እሱን ነገርኳት። ጠቅልዬ የሚለውን ዘለልኩት። የምጠይቀው የለኝም የሚለውንም ዘለልኩት።

«የሚመልሰኝ ወረቀት የትኛው ነው?» አለችኝ።

«እሱ ቀጥሎ ነው፣ አንቺ ሠርግ ላይ ሳለሽ ይወጣል።»

ፊቴን አየችው። ከዚያ ብዕሩን ተቀበለችና ስሟን በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል፣ ከነአባቷ ጻፈች። መሠረተ ትምህርት የተማረችውን ያህል አሳምራ። የአሻራዋንም ቀለም እኔ ነኝ በሶፍት የጠረግኩላት።

የሄደችው በሆሳዕና ሳምንት ነው። ለሙሽራዋ ጫማ፣ ለአማቾቿ ሽቶ፣ ለእህቷ ብርድ ልብስ ይዛ። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና፣ ፍራሿን ጠቅልላ፣ አብራት ለምትሰፋው ሴት «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» ብላ አደራ ሰጠች። ኤርፖርት የሸኘኋት እኔ ነኝ። አቅፋኝ «የጻፍሽው ሠራ፣ እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ» አለችኝ። ሻንጣዋን ገፋሁላት።

ያን ሳምንት ገጹን እንደገና ጻፍኩት። ሙዲሩ እንዳዘዘኝ፣ ጭልፊቱን መልሼ። ያንንም አሳመርኩት። ቆቡ፣ የበረሃው ንፋስ፣ ሽማግሌው አሸዋውን በመዳፉ ዘግኖ ሲያየው፣ ሁሉንም። መጽሐፉ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታተመ። ቪዛዬ ታደሰ። ገዢዎቹ ስለ ጭልፊቱ ጠየቁ፣ ሙዲሩም እያለቀሰ ሊነግራቸው ምንም አልቀረው። የፈጠረውን ማመን ጀምሮ ነበር መሰለኝ።

ፋሲካ አልፎ አንድ ወር ሊሞላ ሲል ደወለች። ድምፅዋ ሞቅ ብሏል። ሠርጉ አምሮ ነበር፣ ልጇን ራሷ አልብሳ ነው ያወጣቻት፣ ሚዜዎቹ ያስቸገሩትን ሁሉ ነገረችኝ፣ የአማቾቿን ጨዋነት ነገረችኝ። ወንዱ ልጅ ተመልሶ ኮሌጅ ገብቷል። «እንግዲህ እኔም ልነሳ ነው» አለች። «ለሰዉም ቪዛዬ በድርጅት ሆኗል ብያለሁ። ወጣ?»

ሜትሮ ውስጥ ነበርኩ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ፣ ሰው የሚቆምበት ጥግ ሄጄ ግድግዳ ያዝኩ። መዋሸት ይቻል ነበር። ገና ነው፣ በሂደት ላይ ነው፣ እያሉ ሰውን ዓመት ማስጠበቅ እዚህ አገር ማንም ይችላል። አቃተኝ።

«እትዬ፣ አይወጣም» አልኳት። «መጀመሪያም አልነበረም። ያነበብኩልሽ ወረቀት ጠቅልላ ትገባለች ነው የሚለው። ዘልዬው ነው።»

ከጀርባዋ የቤት ሰው ሲንጫጫ ይሰማል፣ አንድ ሰው ሲስቅም ይሰማል።

«ስታነቢልኝ እኮ ድምፅሽ ልክ አልነበረም» አለች፣ ሳትቆጣ። «ታውቆኝ ነበር። መንዱቡ ቢሆን ያመጣው አልፈርምም ነበር፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ለነሱ አንድ ወረቀት ሳላስነብብ ፈርሜ አላውቅም። ያንቺ ስለሆነ ነው የፈረምኩት።»

«እትዬ» አልኩ።

«አሁን ሰው ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው» አለችና ዘጋችው።